የአቤቱታ መንገድ፦ ከመንፉሃ እስከ አራት ኪሎ

አንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ፣ ሪያድ መንፉሃ ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ማድቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ከረከቦቱ ጎን፣ ፕላስቲክ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ፣ ከደብተር የተቀደዱ ሦስት ቅጠል ወረቀቶች ተዘርግተዋል። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ግራና ቀኝ ኅዳግ ሳይተውላቸው፣ ከላይ እስከ ታች ጢም ብለው ተጽፈዋል። ጸሐፊዋ እትዬ የምንላቸው፣ በሰው ቤት ሠርተው የሚኖሩ ታላቅ እህታችን ናቸው። የሰባት ወር ደመወዛቸው አልተከፈላቸውም። ወደዚህ የላካቸው ኤጀንሲም ስልክ ማንሳት ካቆመ ሰነበተ። ከደብዳቤው አናት ላይ "ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አዲስ አበባ" ይላል።

"መቼም አንብበኸዋል" አሉኝ ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ። "እስቲ ንገረኝ፣ ይኼ ወረቀት አራት ኪሎ ሲደርስ ማን እጅ ይገባል? ማንስ ያነበዋል?"

ያን ዕለት የሰጠኋቸው መልስ የተቆራረጠ ነበር። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለምና እዚህ በወጉ ልመልሰው።

ከምንኖርበት አገር እንጀምር። ሪያድ ለአቤቱታ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ዐረቦቹ ለባለሥልጣን የሚጻፈውን ማመልከቻ "መዕሩድ" ይሉታል። ይህንኑ ለሰው እየጻፉ የሚተዳደሩም አሉ። እኛ አገር ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ የሚያውቅ ሰው የእነሱን ሥራ ማንም ሳያስረዳው ይረዳዋል። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በመካ የመንግሥት ቤት ደጃፍ ላይ የአቤቱታ ሣጥን አኑረው፣ ቁልፉን በራሳቸው እጅ ይዘውት እንደነበር ይነገራል። በሪያድም የከተማዪቱ አገረ ገዥ ከመስመክ ምሽግ አጠገብ ባለው፣ ቀስር አልሑክም በሚባለው ቤተ መንግሥት ባለጉዳይ ማነጋገሩ የቆየ ልማድ ነው።

ልማዱ በኋላ ሕግ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው መሠረታዊ የአስተዳደር ሕግ በአንቀጽ 43 የንጉሡና የአልጋ ወራሹ መጅሊስ ለማንኛውም ዜጋ፣ እንዲሁም አቤቱታ ወይም በደል ላለበት ሁሉ ክፍት መሆኑን ይደነግጋል። ድንጋጌው "ዜጋ" ብሎ አላበቃም፤ አቤቱታ ያለበትን ሁሉ ጨምሯል።

በዚያው ዓመት የሹራ ምክር ቤት ሕግ ወጣ። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 በ60 አባላት ሥራ ጀመረ። ቁጥራቸው እያደገ ሄዶ በ2005 150 ደረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ 30 ሴቶች ገቡበት። አባላቱን የሚሾሙት ንጉሡ ናቸው፤ የአንዱ ዘመን ርዝመት አራት የሂጅራ ዓመት ነው። ይህ ምክር ቤት ከሰዎች የሚላኩ ማመልከቻዎችን ይቀበላል። በዐረብኛ "ዐራኢድ" ይባላሉ፤ ለዓመታትም "የሰብአዊ መብትና የዐራኢድ ኮሚቴ" የሚል ስም የያዘ ኮሚቴ ነበረው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ማመልከቻ ሲደርሰው ምን ያደርጋል? ዳኛ ስላልሆነ አይፈርድም። የሹራ ሕግ ለምክር ቤቱ ከሰጠው ሥራ አንዱ የየሚኒስቴሩንና የየመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ ሪፖርት መመርመር ነው። የአቤቱታ ወረቀት ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሰው ደብዳቤ የአንድ ሰው ችግር ይናገራል። በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሲደጋገም ግን ሪፖርቱን የሚመረምረው ሰው በእጁ ጥያቄ ይዞ ይገባል፦ እናንተ እንዲህ አከናወንን ትላላችሁ፣ ሰዎቹ ደግሞ እንዲህ ይሉናል፤ ልዩነቱ ከምን መጣ? ከዚያ ምክረ ሐሳብ ይረቀቃል፣ በጉባኤ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ውሳኔው ለንጉሡ ይቀርባል፣ የትኛው ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት እንደሚመራ የሚወስኑትም ንጉሡ ናቸው። ባለሥልጣን ጠርቶ ማነጋገር ካስፈለገ ጥያቄው የሚያልፈው በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ መድረሻውም የአንድ ሰው ጉዳይ ሳይሆን የአሠራር ለውጥ ነው።

ስለዚህ እትዬ የሰባት ወር ደመወዛቸውን ከሹራ አይጠብቁም። ለደመወዝ የመጀመሪያው በር እኛ "መክተብ አልዓመል" የምንለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ነው። እዚያ በመጀመሪያ ለማስማማት ይሞከራል፤ አልሆን ሲል ወደ ፍርድ ይኬዳል። የቤት ሠራተኛ በጠቅላላው የሠራተኛ ሕግ ሳይሆን በራሷ ደንብ የምትተዳደር መሆኗንም ማወቅ ይበጃል። እ.ኤ.አ. ከ2024 አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት መድረክ በኩል በባንክ ወይም በስልክ ቦርሳ እንዲከፈል ደረጃ በደረጃ ተደርጓል። በእጅ ሲከፈል ለክርክር የሚሆን ማስረጃ አይገኝም ነበር፤ አሁን ገንዘቡ የገባበትም ያልገባበትም ወር በመዝገብ ይታያል።

እግረ መንገዴን አንድ ስሕተት ላርም። "ዲዋን አልመዟሊም" የሚለው ስም ሲተረጎም የበደሎች ችሎት እንደማለት ስለሆነ፣ ማንኛውም የተበደለ ሰው የሚሄድበት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው ይህ አካል ዛሬ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው፤ የሚያየውም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ የሚቀርብ ክስ ነው። ከከፊል፣ ማለትም ከአሠሪ፣ ጋር ያለ የደመወዝ ክርክር ቦታው እዚያ አይደለም። በተሳሳተ በር ስንት ወር እንደሚባክን የደረሰበት ያውቀዋል።

ወደ አራት ኪሎ እንሻገር። አቤት ማለት እኛ ዘንድ ከምክር ቤት በብዙ ዘመን ይቀድማል። ሲጠሩን የምንመልሰው "አቤት" ነው፤ ስንበደል የምንጮኸውም ያው "አቤት" ነው። በዙፋን ችሎት ዘመን ሰው ወረቀቱን ይዞ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ይቆም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብን መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቶ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን መብት ከዙፋን አውርዶ በአንቀጽ 30 ከመሰብሰብና ከሰላማዊ ሰልፍ ጎን አቆመው፤ ማንኛውም ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። በአንቀጹ ውስጥ ባለመብቱን ከአገር ወጥቷል ብሎ የሚለይ ቃል የለም። መንፉሃ የተቀመጡት እትዬ ጎንደር ወይም ደሴ ከተቀመጠ ሰው እኩል ባለመብት ናቸው።

ደብዳቤው ሲደርስ በመጀመሪያ የሚያርፈው መዝገብ ቤት ነው። ቀንና ቁጥር ይመታበታል። ይህ ቁጥር ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የሚጠራው በእትዬ ስም ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ቀጥሎ "ይመራል"፤ ለየትኛው ክፍል እንደሚሄድ ኅዳጉ ላይ ተጽፎ ይፈረምበታል። ወረቀቱ ውስጥ ለመሪ የሚሆን ክፍት ቦታ መተው ያለበትም ለዚህ ነው።

የሚመራው ወደ ቋሚ ኮሚቴ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት እስከ 550 ሊደርሱ ይችላሉ፤ ዝርዝሩ የሚሠራው ግን በቋሚ ኮሚቴዎች ነው፤ እያንዳንዱም የሚከታተላቸው መሥሪያ ቤቶች አሉት። ለአቤቱታ ብቻ የተቋቋመ ቋሚ ኮሚቴ የለም፤ ወረቀቱ በጉዳዩ ዓይነት ይከፋፈላል። የእትዬ ነገር የሥራ ስምሪት ስለሆነ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን የሚከታተለው የሰው ሀብት ልማት፣ ሥራ ስምሪትና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ዘንድ ይወድቃል። ደብዳቤያቸው ግን ሁለተኛው ቅጠል ላይ ስለ ፓስፖርት እድሳት መጉላላትም ያነሣል። ይህኛው ደግሞ የውጭ ግንኙነትና የሰላም ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ድርሻ ነው። በአንድ ወረቀት ሁለት የተለያየ ጉዳይ ሲኖር ወረቀቱ በሁለት ጠረጴዛ መሃል ይቀራል። አንዱ ኮሚቴ ለሌላው ሲመራው፣ ሌላው ሲመልሰው ወራት ይሄዳሉ። ለአንድ ጉዳይ አንድ ወረቀት መጻፍ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ነው ብል አላጋነንኩም።

ኮሚቴው ጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚያነበው የኮሚቴው ባለሙያ ነው። ባለሙያው ልቡ ቢነካም ከወረቀቱ ላይ የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ተይዟል? ከተያዘ ወይም ከተፈረደበት ምክር ቤቱ እጁን አያስገባም፤ የዳኝነት ነፃነት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነውና። የመጨረሻ ፍርድ አግኝቶ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚባል ነገር ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ 11 አባላት ወዳሉት የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ይሄዳል። ባለሙያው ቀጥሎ አመልካቿ መጀመሪያ ሚኒስቴሩን ጠይቃ እንደሆነ ያያል። ካልጠየቀች የሚመለስላት መልስ "ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አቅርቢ" የሚል ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን መልስ እንደ መገፋት ይቆጥረዋል። እኔም እቆጥረው ነበር፤ አሠራሩን ካየሁ በኋላ ግን ገባኝ። ምክር ቤት የሚቆጣጠረው የአስፈጻሚውን ሥራ ነው፤ ሚኒስቴሩ ያልሰማውን ነገር ለምን አልሠራህም ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። ሚኒስቴሩ ሰምቶ ዝም ያለበት ቀን ግን ለኮሚቴው የሚይዘው ነገር ተገኘ ማለት ነው።

ጉዳዩ ይህን ካለፈ ኮሚቴው ለሚኒስቴሩ ደብዳቤ ይጽፋል፦ ስለዚህ አቤቱታ ማብራሪያ ስጡን። የኮሚቴው ሥልጣን በአብዛኛው እዚህ ቃል ውስጥ ነው፤ ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። ኮሚቴ ደመወዝ አይከፍልም፣ ኤጀንሲ አይዘጋም፣ ሰው አያስርም። ሥራው የአንድን ሰው ጩኸት ባለሥልጣን ሊያመልጠው ወደማይችል ጥያቄ መለወጥ ነው። ይህን ጥያቄ በሚኒስቴሩ ፊት ለፊት የሚያቀርብበት ጊዜም የታወቀ ነው፤ የስድስት ወርና የዘጠኝ ወር የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ሲገመገም፣ ወይም ለመስክ ምልከታ ሲወጣ።

ከዚህ በመነሣት ደብዳቤውን መልሰን እንየው። ሦስቱም ቅጠል የሚናገሩት በአብዛኛው ስለ አሠሪያቸው ነው፤ ስላጡት እንቅልፍ፣ ስለተሰደቡት ስድብ፣ ስለቀረባቸው ምግብ። አንብቤ ዓይኔን ጠርጌአለሁ። ነገር ግን አራት ኪሎ ያለ ኮሚቴ ሪያድ ያለን ከፊል ጠርቶ መጠየቅ አይችልም። መጠየቅ የሚችለው ለኤጀንሲው ፈቃድ የሰጠውን ሚኒስቴር ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲ ከአሠሪው ጋር በጋራና በተናጠል ኃላፊ እንዲሆን አድርጓል። ፈቃድ ለማውጣትም 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዋስትና እንዲያስይዝ ደንግጓል። ዋስትናው የተያዘው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ሲሻሻልም ሠራተኛን የላከ ሰው ከላከ በኋላ ዞር አይበል የሚለው መንፈሱ አልተለወጠም። የኤጀንሲው ስም፣ እትዬ የፈረሙበት ቀንና የውሉ ቁጥር የተጠቀሰው ግን ሦስተኛው ቅጠል ግርጌ፣ ከስንብት ቃሉ በላይ፣ በአንዲት መስመር ብቻ ነበር። የደብዳቤው ጉልበት ሁሉ ያለው በዚያች መስመር ውስጥ ነው።

በኤጀንሲ ሳይሆን ባሕር ተሻግሮ በየመን በኩል የገባ ሰው ይህ መስመር የለውም። ለእሱ የሚጠየቀው ኤምባሲውና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው፤ ወረቀቱም በዚያ ልክ መጻፍ አለበት።

ስለ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ስሙ ራሱ ከአማርኛችን ሆድ የወጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ፣ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ የሆነ ተቋም ነው። የአስተዳደር በደልን ይመረምራል። ክፍያ አይጠይቅም፤ አቤቱታ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃልም ይቀበላል። ተበዳዩ ራሱ መቅረብ ካልቻለ የትዳር ጓደኛ፣ የቤተሰብ አባል ወይም ወኪል ሊያቀርብለት ይችላል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ትልቅ ነው። ከሪያድ መውጣት የማትችል እህት ደሴ ያለ ወንድሟ ስለ እሷ አዲስ አበባ ሄዶ አቤት ሊልላት ይችላል። ተቋሙ ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አያይም፤ ያገኘውን ግኝት መሥሪያ ቤቱ አልፈጽምም ካለው ደግሞ ለምክር ቤቱ ልዩ ሪፖርት ሊያቀርብበት ይችላል። ለአንድ ሰው በደል እኔ ብጠየቅ ከኮሚቴው በፊት ይህን በር አስቀድማለሁ። የብዙ ሰው በደል ሲሆን፣ አሠራሩ ራሱ ሲበላሽ ግን ኮሚቴው ይሻላል።

እንግዲህ ደብዳቤውን እንደገና ጻፍነው። እትዬ እየተናገሩ እኔ እየጻፍኩ፣ ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ አንድ ገጽ ሆነ። ከላይ "ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ የሰባት ወር ደመወዝንና ኃላፊነቱን ያልተወጣ ኤጀንሲን ይመለከታል" የሚል አንድ መስመር አለ። ቀጥሎ ውሉ የተፈረመበት ቀን፣ በውሉ የተጻፈው ደመወዝ፣ ክፍያ የቆመበት ወር፣ ለኤጀንሲው የተደወለባቸው ቀናት፣ ለሚኒስቴሩ የተላከው ማመልከቻ ቀን ተከተሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰፈረ፦ ሚኒስቴሩ ኤጀንሲው በአዋጁ መሠረት ኃላፊነቱን እንዲወጣ ምን እንዳደረገ ኮሚቴው ጠይቆ በጽሑፍ ያሳውቀኝ። የውሉና የኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ኮፒ ተያያዘ። ስለ ስድቡና ስለ ረኀቡ የተጻፈውን አልጣልነውም፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቦታውን አገኘ።

"እንባዬ የት ሄደ?" አሉኝ ሲጨርሱ ትክ ብለው እያዩኝ።

"እዚሁ ነው ያለው እትዬ፤ ቀንና ቁጥር አገኘ እንጂ" አልኳቸው።

ሌላ አገር ይህን ሥራ እንዴት እንደያዘው ማየት ይጠቅማል። የጀርመን ፓርላማ አቤቱታ ብቻ የሚያይ ኮሚቴ በሕገ መንግሥቱ እንዲኖረው ተገድዷል። እዚያ የአንድ ሰው ወረቀት እንደ አምሳ ሺህ ሰው ወረቀት ተመዝግቦ መልስ ያገኛል፤ ብዙ ፊርማ ያገኘው ደግሞ በአደባባይ ይሰማል። በእንግሊዝ 10 ሺህ ፊርማ የመንግሥት መልስ ያስገኛል፤ 100 ሺህ ሲሆን ፓርላማው እንዲከራከርበት ይታሰባል። እኔ ከሁለቱ ጀርመኖቹን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ግልጽ ነው። በሰው ቤት የምትሠራ፣ ስልኳ የተቀማባት ሴት ፊርማ ማሰባሰብ አትችልም። ያላት አንድ ወረቀት ነው፤ ያ አንዱ ወረቀት መልስ ማግኘት አለበት።

ምክር ቤታችን ለአቤቱታ ብቻ የቆመ ኮሚቴ ሊያቋቁም ይገባዋል። በተለይ በባዕድ አገር ያለ ዜጋ ወረቀቱ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ በቁጥሩ ሊያውቅ የሚችልበት አሠራር ያስፈልጋል። እትዬ መልሱ እንቢታ ቢሆን እንኳ መስማት ይፈልጋሉ። የሚያደክማቸው ዝምታው ነው።

እስከዚያው በዚህ ከተማ ለምትኖሩ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ውላችሁን በስልካችሁ ፎቶ አንሡትና ለአንድ የቤተሰብ ሰው ላኩለት። ደመወዝ የገባበትንም ያልገባበትንም ቀን ጻፉ። መጀመሪያ ሚኒስቴሩን ጠይቁ፤ የጠየቃችሁበትን ማስረጃ ያዙ። ወደ አራት ኪሎ ስትጽፉ ለአንድ ጉዳይ አንድ ገጽ ይሁን፤ የመዝገብ ቁጥሩንም ሳትቀበሉ አትመለሱ፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ ካስገባላችሁም ቁጥሩን ይላክላችሁ። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 የዓመት ሥራውን ይዘጋል፤ እንደገና የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ነው።